በይዉ ገጠር የመንደር ሙዚየም፦ ምን ይታያል፣ እንዴት ይታያል

የቻይና የንግድ ከተማ ወደሆነችው ይዉ ዕቃ ሊገዛ የሄደ ነጋዴ ሳምንቱን ሙሉ ገበያው ውስጥ ሲዞር ከርሞ፣ ኮንቴይነሩ እስኪጫን አንድ ሁለት ባዶ ቀን ይተርፈዋል። ብዙው ሰው ያን ቀን ሆቴል ተኝቶ ያሳልፈዋል፤ ወይ ሃንግዡ ሄዶ ሐይቅ ያያል። ከከተማው ወጣ ብሎ ግን ባልዲ፣ ሚዛን፣ ማረሻና የዝናብ ካባ የተደረደረባቸው ትንንሽ የመንደር ሙዚየሞች አሉ። መግቢያቸው አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። ችግሩ ጽሑፉ ሁሉ በቻይንኛ መሆኑ፣ አስረጂ አለመኖሩና ዕቃው እንደ ዕቃ ቤት መከመሩ ነው። ሳይዘጋጅ የገባ በአሥር ደቂቃ ዞሮ ይወጣል። ይህ መመሪያ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ አምስት ስድስት ዕቃ በደንብ ለማየት ለሚፈልግ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቤቱን ማግኘት

በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር መንደሮች ከ2013 ጀምሮ «ዌንኋ ሊታንግ» የሚባል የባህል አዳራሽ ሲሠሩ ቆይተዋል። ከአዳራሹ ጎን አንድ ሁለት ክፍል ለአሮጌ ዕቃ ይተዋል። ክፍሉ «ጹንሺጓን» ይባላል፣ የመንደር ታሪክ ቤት ማለት ነው። አንዳንዱ የተከፈተው በድሮው የዘር ማኅበር አዳራሽ፣ በ«ጺታንግ»፣ ውስጥ ነው። በስልክ ካርታ ስትፈልጉ እነዚህን ሦስት ቃላት በቻይንኛ አስጽፋችሁ ያዙ። «ቦዉጓን» (ሙዚየም) ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ የሚመጣላችሁ የከተማው ትልቁ ሙዚየም ነው።

አድራሻው በቻይንኛ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይጻፋል፦ ክፍለ ሀገር፣ ከተማ፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ መንደር። ሙሉውን ያዙ። የመንደር ስም ብቻ ለታክሲ ማሳየት ትልቁ ስሕተት ነው፤ «የዋንግ ቤተሰብ መንደር» የሚባል በአንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ብዙ አለ። ከይዉ መነሻ ለሚያደርግ ቀላሉ ምርጫ በከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ያለው የኒያንሳንሊ አካባቢ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይመጣል።

ሰኞ አትሂዱ፤ በቻይና ሙዚየም የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ሰኞ ነው። የመንደር ቤት ደግሞ ቁልፉ ያለው ከአንድ ሰው ዘንድ ስለሆነ ምሳ ሰዓት ይዘጋል፦ በቻይና አቆጣጠር ከ11፡30 እስከ 2፡00 ወይም 2፡30፣ በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተኩል እስከ ከሰዓት 8 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ደግማችሁ አረጋግጡ፤ በዚህ ስሕተት ቀኑ ሙሉ ይበላሻል። ጠዋት 3 ሰዓት ከደረሳችሁ በቂ ጊዜ አላችሁ። በሩ ተዘግቶ ካገኛችሁት ከመመለሳችሁ በፊት በሩ ላይ የተለጠፈ ስልክ ቁጥር ፈልጉ፤ ከሌለ ከመንደሩ ሱቅ ጠይቁ። ባለቁልፉ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ዘንድ ነው።

ፓስፖርት ዋናውን ያዙ፤ ለባቡርም ለመግቢያ ምዝገባም ይጠየቃል፣ ፎቶ ኮፒ አይሠራም። የትርጉም መተግበሪያችሁን የቻይንኛ ፋይል ከአገር ሳትወጡ አውርዱ፤ የጉግል አገልግሎቶች በቻይና መስመር አይከፈቱም። ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ሶፍት (በመጸዳጃ ቤቱ አይገኝም)፣ በክረምታቸው ደግሞ ወፍራም ጃኬት ያስፈልጋል። በደቡብ ቻይና የመንደር አዳራሽ ማሞቂያ የለውም፤ ድንጋዩ ወለል ቅዝቃዜውን በጫማ በኩል ያመጣዋል። ታክሲውን ደግሞ «ጠብቀኝ» ብላችሁ ተስማሙ፤ ከመንደር መመለሻ መኪና ከሰዓት በኋላ እየመነመነ ይሄዳል።

ከመግባታችሁ

ቤቱ የዘር ማኅበር አዳራሽ ከሆነ ከፍ ያለ መድረክ የመሰለ ደፍ አለው። ተሻገሩት እንጂ አትርገጡት። ውስጥ ዕጣን የሚጨስበት ሥነ ሥርዓት ካለ ውጭ ጠብቁ። ባለቁልፉን ሽማግሌ «ሺፉ» ወይም «ላኦሺ» በሏቸው። የመጀመሪያው የእጅ ባለሙያን፣ ሁለተኛው መምህርን የሚያከብር አጠራር ነው፤ እንደኛ «ጋሼ» ያለ ቦታ ይሞላል። ሦስት ጥያቄ ብቻ አጥኑ፦ «ዠ ሺ ሸንመ?» ይህ ምንድን ነው፤ «ዘንመ ዮንግ?» እንዴት ይሠራበታል፤ «ከዪ ሞ ማ?» መንካት ይቻላል ወይ። ሁለተኛዋ ከሁሉም ትበልጣለች። ስሙን ቢነግሯችሁ አይገባችሁም። አሠራሩን ብትጠይቁ ግን ሽማግሌው ራሳቸው እጃቸውን አንሥተው ያሳዩአችኋል።

ለየትኛውም ዕቃ ሦስት ነገር ፈልጉ። እጅ የወዛው ቦታ የት ነው? የተጠገነው ምኑ ነው? የተጻፈበትስ የት ላይ ነው? ሦስተኛው የሚረሳ ነው። በዚህ አካባቢ ገበሬ ዕቃውን ለጎረቤት ስለሚያውስ እንዳይጠፋበት በቀለም ስሙንና ዓመቱን ይጽፍበታል፤ በቅርጫት ቂጥ፣ በሳጥን ጎን፣ በባልዲ ሥር ታገኙታላችሁ። ባትሪውን በአግድም አብሩበት፣ የደበዘዘ ቀለም ይወጣል።

ዘመን መቀየር ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። «ሚንጉዎ» (የሪፐብሊኩ ዘመን) ካለ በቁጥሩ ላይ 1911 ደምሩ፦ ሚንጉዎ 20 ማለት 1931 ነው። «ጓንግሹ» (የአንድ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ስም) ካለ 1874 ደምሩ። አስቸጋሪው በሁለት ፊደል ብቻ የሚጻፈው ነው፤ እሱ በየ60 ዓመቱ ይደጋገማል። «ገንግሸን» ተብሎ የተጻፈ ዕቃ የ1980 ሊሆን ይችላል፣ የ1920ም፣ የ1860ም። ስለዚህ ምስማሩን እዩ። በእጅ የተቀጠቀጠ ባለ አራት ማዕዘን ምስማር ወይም የቀርከሃ ችካል ወደ ድሮው ያደላል። ክብ የፋብሪካ ምስማር ወደ ቅርቡ። ግን በጥገና ጊዜ የገባ ምስማር ያታልላልና አንዱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። «ሼንግቻንዱይ» (የምርት ቡድን) የሚል ካለበት ነገሩ ያልቃል፤ በ1958 ከተቋቋሙትና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከፈረሱት የሕዝብ ኮሚዩኖች ዘመን ነው።

የስኳርና የላባ ልዋጭ

በይዉ መንደሮች ከሁሉ በፊት ይህን ፈልጉ፦ የቀርከሃ የትከሻ እንጨት፣ በሁለቱ ጫፍ የተንጠለጠሉ ሁለት ቅርጫቶች፣ አንዲት ትንሽ ባለ እጀታ ከበሮ። ከበሮዋ በሁለት ጎኗ ክር ላይ የታሰሩ ዶቃዎች አሏት፤ እጀታዋን በመዳፍና በመዳፍ መካከል ስታሽከረክሯት ራሷን ትመታለች። ኒያንሳንሊ የዚህ ንግድ መነሻ ነው ይባላል። የይዉ አፈር ቀይና ድኻ ነበር። ገበሬው በብርዱ ወራት፣ ሰው ለቻይና አዲስ ዓመት ዶሮ በሚያርድበት ሰሞን፣ ከሸንኮራ የተሠራ ስኳር ተሸክሞ በየመንደሩ ከበሮውን እየመታ ይዞራል። ስኳሩን በብረት እየመታ ይቆርሳል፣ በምትኩ የዶሮ ላባ ይቀበላል። «ልዋጭ!» እያለ በአዲስ አበባ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረውን ሰው ለሚያውቅ ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልግም። ረጃጅሙ የአውራ ዶሮ ላባ ለአቧራ መጥረጊያ ይሸጣል፣ ተራው ማሳ ውስጥ ገብቶ ማዳበሪያ ይሆናል። በ1982 የይዉ አስተዳደር የፈቀደው የጥቃቅን ዕቃ ገበያ፣ ዛሬ ኮንቴይነር የምትሞሉበት፣ ሥሩ ይኸው ቅርጫት ነው።

የትከሻውን እንጨት መካከል ዳስሱ (ከተፈቀደ)። በእውነት የተሠራበት ከሆነ ሆዱ ጠፍጥፎ እንደ ቀንድ ያበራል፣ በጫፎቹ ላይ ገመድ የበላው ጎድጎድ ያለ ቦታ ይታያል። ለማሳያ ብቻ ተሠርቶ የተሰቀለ ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም አለው።

ሚዛኑ

ከአንድ ዕቃ በላይ ጊዜ ከሌላችሁ «ጋንቸንግ»ን ምረጡ። ከጠንካራ እንጨት የተሠራ ዘንግ ነው፤ በወፍራሙ ጫፍ መንጠቆ ወይም ሳህን፣ በሌላው በኩል በገመድ የምትንሸራተት የብረት ድንጋይ። ማንሻ ገመዱ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። ለመንጠቆው የቀረበው ለከባድ ጭነት፣ ራቅ ያለው ለቀላል። ስለዚህ ዘንጉ ላይ ሁለት ረድፍ ምልክት አለ፤ አንዱን ማንሻ ይዞ በሌላው ረድፍ ማንበብ የጀማሪ ስሕተት ነው።

ምልክቶቹ እንጨቱ ውስጥ የተመቱ የመርፌ ራስ የሚያህሉ የናስ ነጥቦች ናቸው፤ ኮከብ ይሏቸዋል። በቀላል ጭነት ረድፍ ላይ ከአንድ ጂን (የቻይና የክብደት ልክ) እስከ ቀጣዩ ያለውን ክፍል ቁጠሩ። በ16 ከተከፈለ ሚዛኑ የድሮ ነው፤ በፊት 1 ጂን 16 ልያንግ ነበር። በ10 ከተከፈለ ከ1959ኙ ለውጥ ወዲህ ያለ ነው። ጂን ራሱ ዛሬ 500 ግራም ነው። «ባን ጂን፣ ባ ልያንግ» (ግማሽ ጂን፣ ስምንት ልያንግ) የሚለው አባባል ከድሮው ልክ የቀረ ሲሆን «ያው በያው» ለማለት ይነገራል። አሥራ ስድስቱ ኮከቦች ሰባቱ የሰሜን፣ ስድስቱ የደቡብ ኮከቦች፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ ደግሞ ዕድል፣ ሹመትና ዕድሜ ናቸው ይላሉ። አንድ ልያንግ የሰረቀ ዕድሉን፣ ሁለት የሰረቀ ሹመቱን፣ ሦስት የሰረቀ ዕድሜውን ያጎድላል።

ሌብነቱ ግን በኮከቡ ሳይሆን በድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ቀላል ከሆነ ሚዛኑን ለማስተካከል ራቅ ብሎ መሄድ አለበት፤ ንባቡ ከእውነተኛው በላይ ይሆንና ሻጩ ያተርፋል። ከባድ ከሆነ ንባቡ ያንሳል፤ ይህ እህል ከገበሬ የሚገዛ ሰው ዘዴ ነው። ሙዚየም ውስጥ ደግሞ ማንም ሳያስብ የአንዱ ድንጋይ በሌላው ዘንግ ላይ ይሰቀላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ባዶውን ሚዛን አንሥታችሁ ድንጋዩን በመጀመሪያዋ ኮከብ ላይ ስታደርጉት ዘንጉ አግድም ካልቆመ ድንጋዩ የሱ አይደለም።

አጠገቡ ያለው የእንጨት ሳጥን «ዶው» ነው፣ እንደ ቁና የሚሠፈርበት፤ 10 «ሼንግ» ይይዛል፣ ወደ 10 ሊትር ይጠጋል፣ እንደየአካባቢው ይለያይ ነበር። ከላዩ ላይ መጥረጊያ ዱላ ካለ ልክ በልክ ይሠፈር ነበር ማለት ነው። «በትልቅ ዶው ተቀብሎ በትንሽ ዶው ማበደር» የሚለው የባለርስት ወቀሳ ከዚሁ ሳጥን የመጣ ነው።

ነፋስ የሚሠራ ሳጥን

መተግበሪያው «የነፋስ መኪና» ብሎ የሚተረጉምላችሁ ባለ አራት እግር ትልቅ ሳጥን «ፈንግቸ» ነው፤ እህል ማዝሪያ። ላይዳና መንሽ ይዞ አውድማ ላይ ነፋስ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ዋጋው ወዲያው ይገባዋል። በአንዱ ጫፍ ከበሮ የመሰለ ክብ አካል አለ፣ ውስጡ የእንጨት ክንፎች፣ ውጭ የሚዞር እጀታ። ከላይ እህሉ የሚፈስበት ሰፊ አፍ፣ ከሥሩ ፍሰቱን የምታጠብ ተንሸራታች ሳንቃ። ከታች ሁለት መውጫ አለ። ለነፋሱ በቀረበው የሞላው እህል ይወርዳል፣ በሁለተኛው ግማሽ ባዶው፣ በጭራው በኩል ደግሞ እብቁና ገለባው ይበናል።

ለማዞር ከተፈቀደላችሁ በእኩል ፍጥነት አዙሩ። በፍጥነት ካዞራችሁ ጥሩው እህል ከእብቁ ጋር ይወጣል፤ ሳንቃዋን ብዙ ከከፈታችሁ ደግሞ ነፋሱ የሚወርደውን እህል ማለፍ ያቅተውና እብቁ ከታች ይወርዳል። በየቤቱ የማዝሪያው ተቆጣጣሪ የሚሆነው ሰው ጆሮውና ክንዱ የተስማማለት ነው። በእጀታው ላይ የወዛውን ቦታ እዩ፣ ከዚያ ሳንቃዋን፤ የተበላች ጠርዝ ካላት ብዙ አዝመራ አልፎባታል።

ከአጠገቡ ሁለት «ወፍጮ» ካያችሁ አንድ አይደሉም። የድንጋዩ ያደቃል። ሌላው፣ ቀርከሃ ተጎንጉኖ በሸክላ አፈር የተሞላው ቀለል ያለው፣ «ሎንግ» ነው፤ ሥራው የሩዙን ቅርፊት መላጥ ብቻ ነው። ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ሩዙን ይሰባብረው ነበር። የድንጋዩን ወፍጮ ባዶውን አታዙሩ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ተፋጭቶ የተወቀረው መስመር ይጠፋል።

ማረሻ፣ ገሳ፣ የቤት ዕቃ

ማረሻው ላይ ብዙ መቆም አያስፈልግም፣ አንድ ልዩነት ያዙ። ከብረቱ ጫፍ በላይ ጠምዘዝ ያለ ሳህን አለ፤ አፈሩን ገልብጦ በአንድ ወገን የሚጥለው እሱ ነው። የእኛ ማረሻ ይሰነጥቃል፣ ድግሩ ወደ ሁለት ወገን ይገፋል እንጂ አይገለብጥም፤ መስቀለኛ ደጋግሞ ማረስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሞፈሩ ጎባጣና አጭር፣ ቀንበሩ ደግሞ ለአንድ ጎሽ ብቻ የሚሆን ጎባጣ እንጨት ነው። በጠባብ የሩዝ ማሳ ውስጥ ጥማድ ይዞ መዞር አይቻልም።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቡናማ ጭረት «ሱዎዪ» ነው፣ ከዘንባባ ግንድ ልባስ የተሰፋ የዝናብ ካባ። ገሳ ለብሶ ከብት የጠበቀ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። የሚለየው ለሁለት መከፈሉ ነው፦ ትከሻው ለብቻ፣ ወገቡ ለብቻ፤ ሩዝ የሚተክል ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ስለሚል።

የቤት ዕቃ ክፍል ውስጥ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። ክዳን ያለው፣ በቀይ የላክ ቀለም ያበራ፣ የሚያምር ክብ ባልዲ ታያላችሁ። የእንጀራ ሌማት የሚያህል ክብር ያለው ይመስላል፣ ሰውም አቅፎት ፎቶ ይነሣል። የሌሊት ፖፖ ነው። ሙሽራ ከቤቷ ይዛው ትመጣለች፤ በሠርጉ ቀን ቀይ እንቁላልና ኦቾሎኒ ይጨመርበታል፣ «የልጅ ልጅ ባልዲ» ይባላል። ሁለተኛው፣ ወገብ የሚደርስ፣ በመካከሉ ወለል ያለው የእንጨት በርሜል ነው። የእህል ማስቀመጫ አይደለም። ገና መቆም የጀመረ ሕፃን የሚቆምበት ነው፤ እናት ሥራ ላይ ስትሆን ልጁ አይወድቅም፣ በክረምት ከሥሩ የፍም ዕቃ ይገባል። የሕፃኑ ብብት የሚያርፍበትን የበርሜሉን ጠርዝ እዩ፣ ጥርስ የነከሰው ምልክት አንዳንድ ጊዜ ይገኛል።

ትንንሽ ጫማዎች፣ አንድ መዳፍ የማይሞሉ፣ ካጋጠሟችሁ እግራቸው የታሰረ ሴቶች ጫማዎች ናቸው። መሳቅም አብሮ ፎቶ መነሣትም ነውር ነው፤ የባለቁልፉ አያት ጫማዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሶሉን እዩ፦ ንጹሕ ከሆነ ለሽያጭ የተሠራ አዲስ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቶቹ

መስታወት ሥር የእህል ኩፖን፣ «ልያንግፕያኦ»፣ በብዛት አለ። ከ1955 እስከ 1993 ሠርቷል። በቀበሌ ሱቅ ራሽን ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ግን የሚታለፍ ነጥብ አለ። ኩፖን የሚታደለው የከተማ ሰው ነበር። ገበሬው እህሉን ከምርት ቡድኑ ይቀበላል፣ መንገድ ሲወጣ ብቻ እህል ሰጥቶ ኩፖን ይለውጣል። የገበሬውን ሕይወት የሚነግራችሁ አጠገቡ ያለው የደበዘዘ ትንሽ ደብተር ነው፣ የሥራ ነጥብ መዝገብ፣ «ጎንግፈን»። በየቀኑ መስመር ላይ ቁጥር አለ። ጎበዝ ወንድ በቀን 10 ነጥብ ያገኛል፣ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ። የነጥቡ ዋጋ የሚታወቀው ዓመቱ ሲያልቅ፣ የቡድኑ ምርት ተደምሮ ሲከፈል ነው። አንድ ገጽ ብቻ በፎቶ አንሥታችሁ ማታ ሆቴል ውስጥ አስተርጉሙ፤ ብልጭታ (ፍላሽ) አጥፉ፣ መስታወቱን በእጃችሁ ከልሉ።

ስትወጡ

ለባለቁልፉ ጉርሻ አትስጡ፣ ያሳፍራቸዋል። ከኅዳር ጀምሮ የሸንኮራ ስኳር የሚፈላበት ወቅት ነውና አንድ ሁለት ጂን ከመንደሩ መግዛት ይሻላል።

በር ላይ ወይም በአሮጌ ዕቃ ገበያ «ጥንታዊ» ብለው ሚዛን፣ የተቀረጸ እንጨት፣ ሳጥን የሚሸጡላችሁ አሉ። ከ1911 በፊት የተሠራ ቅርስ ከቻይና ማውጣት ክልክል ነው፤ ከ1949 በፊት ያለውም ምርመራ ያስፈልገዋል፣ የተፈቀደው ቀይ የሰም ማኅተም ይደረግበታል። ማኅተም የሌለውን ከኮንቴይነራችሁ ዕቃ ጋር አትቀላቅሉ፤ በጉምሩክ ከተገኘ የሚያዘው እሱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ለማስታወሻ ሚዛን ከፈለጋችሁ አዲሱን ግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ባዶውን አንሥታችሁ ድንጋዩን በመጀመሪያዋ ኮከብ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት።